ትልቅ ስታቢላይዘር አትግዛ፤ መጀመሪያ ኒውትራሉን እይ

ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ሌሎችም እንዲገባቸው ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። አራት ቤተሰብ በሚኖርበት የድሮ ግቢ ውስጥ ተከራይተሃል። ቆጣሪው ለሁላችሁም አንድ ነው፤ ባለ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኮረንቲ የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች ያሉት። ቴሌቪዥንህ ሁለቴ ተቃጥሏል፤ ሁለት የስልክ ቻርጀርም አብሮ ሄዷል። ሠሪው ከፍቶ ሲያሳይህ ኮረንቲ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር አናቱ አብጧል። «የቻይና ዕቃ ስለሆነ ነው» አለህ። ቮልት የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ገዛህ፤ እሱም ጭስ ጭስ ሸተተ። አሁን ከፍ ያለ ስታቢላይዘር ልግዛ ወይ ትለኛለህ።

አትግዛ።

ከጻፍከው ሁሉ ዓይኔ የገባችው አንዷ መስመር ናት። «አከራያችን እንጀራ ሊጋግሩ ምጣድ ሲሰኩ የእኔ አምፖል ቦግ ይላል፣ የእሳቸው ይፈዛል» ብለሃል። ምጣድ ሲሰካ መብራት መፍዘዙ በየቤቱ ያለ ነው። አንዱ ቤት ፈዞ ሌላው ቤት ቦግ ካለ ግን እኔ ሌላ ነገር አልጠረጥርም። የግቢው የጋራ ኒውትራል፣ ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ፣ ላልቷል።

ወደ ሥራው ከመግባትህ በፊት ይህን ያዝ። «ኒውትራል አይነዝርም» የሚባለውን እርሳው። የማይነዝረው ደህና ኒውትራል ነው። ሲበጠስ ግን በቤቱ በኩል የቀረው ጫፍ እንደ ፌዝ ይገድላል። ዋናውን ብሬከር ሳታጠፋ፣ ካጠፋህም በኋላ ሳትለካ፣ እጅህን እንዳትሰድ።

አሁን ምክንያቱን ላስረዳህ። ይህ ከገባህ ሌላው ሁሉ ይቀልሃል። በእያንዳንዱ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት አለ። በፌዝና በፌዝ መካከል ግን 380 ነው። የአንተ ክፍልና የአከራይህ ቤት በተለያየ ፌዝ ላይ ናቸው። ኒውትራሉ ደህና ሲሆን አይነካኩም፤ ሁለታችሁም የየራሳችሁን 220 ታገኛላችሁ። ኒውትራሉ ሲበጠስ መመለሻው መንገድ ይዘጋል። ያኔ ኮረንቲው በእሳቸው ፌዝ ገብቶ ምጣዱን ያልፋል፣ በግቢው ኒውትራል ይሻገራል፣ በአንተ ቴሌቪዥን አድርጎ በአንተ ፌዝ ይወጣል። ምጣዱና ቴሌቪዥኑ በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው ታሰሩ ማለት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ያለው ደግሞ 380 ነው። ክፍፍሉ እኩል አይደለም። ሬዚስታንሱ (ኮረንቲን የሚገታበት ልክ፣ በኦም የሚለካው) የበዛው አብዛኛውን ቮልት ይወስዳል። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ ወደ 14 ኦም ነው። 100 ዋት የሚስበውን ቴሌቪዥን እንደ ተራ አምፖል ብንቆጥረው 484 ኦም ይሆናል። ሲሰላ ቴሌቪዥኑ 369 ቮልት ገደማ ይደርሰዋል፤ ለምጣዱ የሚቀረው 11 እንኳን አይሞላም። ምጣዱ አይግልም፣ ቴሌቪዥኑ ይነዳል። እስቲ አከራይህን ጠይቃቸው፤ «ዛሬ ምጣዱ አልግል አለኝ» ያሉበት ቀን ይኖራል። ደግሞ 369 ቮልት ቴሌቪዥኑ ውስጥ ወደ ዲሲ (አቅጣጫው ወደማይቀያየር ኮረንቲ) ሲለወጥ ከ500 ያልፋል። የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ብዙውን ጊዜ የሚችለው 400 ወይም 450 ነው። አናቱ ያበጠው ለዚህ ነው እንጂ አገሩ ቻይና ስለሆነ አይደለም። የእናንተ ኒውትራል ላልቶ እንጂ ጨርሶ ስላልተበጠሰ ከፍ ዝቅ ይላል። በየቀኑ የማያቃጥለውም ለዚህ ነው።

መልቲሜትር አለኝ ብለሃል። የክፍልህን ዕቃ ሁሉ ንቀል። መልቲሜትሩን ኤሲ 750 ቮልት ላይ አድርገህ ሶኬትህን ለካ፤ ምጣዱ ጠፍቶ አንዴ፣ በርቶ አንዴ። ጥቂት ቮልት ቢንቀሳቀስ ግድ የለም። 220 የነበረው 250፣ 270 ካለ ግን ነገሩ ተረጋገጠ። ወዲያው ምጣዱን አስነቅል፣ ዋናውን አጥፋ።

ከዚያ ፍለጋውን ከግቢው ማከፋፈያ ሳጥን ጀምር። የኒውትራሉን ብሎኖች በካቻቪቴ ሞክራቸው፤ ብዙ ጊዜ አንዷ ትዞርልሃለች። እዚያ ከሌለ ወደ ስካቶላዎቹ፣ ሽቦ ወደሚገናኝባቸው ትንንሽ ሳጥኖች፣ ሂድ። የእኔ ግምት ግን ከቆጣሪ ወደ ሳጥኑ የሚመጣው መስመር ላይ ነው። በድሮ ግቢዎች ውስጥ የማየው አንድ ዓይነት ጥፋት ነው። አሉሚኒየም ሽቦ ከመዳብ ሽቦ ጋር በፒንሳ ይጠመዘዛል፣ ናስትሮ ይጠቀለልበታል፣ ሥራው አለቀ ይባላል። ሁለቱ እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ይግላል፣ ይላላል፣ ባሰው ይግላል። ክረምት ላይ ይህን አየሁ ያላልኩበት ሳምንት የለም። ናስትሮው ቀልጦ የጠቆረ ቦታ ካገኘህ እሱ ነው። የተቃጠለውን ቆርጠህ ጣል፣ ሽቦውን እስኪያበራ ፋቀው፣ ለአሉሚኒየምና ለመዳብ ተብሎ በተሠራ ማገናኛ እሰረው። ኒውትራሉ ከፌዙ የቀጠነ ከሆነም ቀይረው።

አንድ ቀን ካዛንቺስ አንድ ግቢ ገብቼ፣ ከእኔ በፊት የመጣው ሠራተኛ የላላውን ኒውትራል ከውኃ ቧንቧ ጋር አስሮት አገኘሁ። መብራቱ ተስተካክሎ ነበር። ልብስ የሚያጥቡት እናት ግን ቧንቧውን በነኩ ቁጥር ይነዝራቸው ነበር። ልጅ ቢሆንስ? እንዲህ ያለ መፍትሔ የሚያቀርብልህን ሰው ከግቢው አስወጣው።

ጥፋቱ ከቆጣሪው ወዲያ፣ ምሰሶው በኩል ከሆነ የአንተ ሥራ አይደለም። የቆጣሪውን ማሸጊያ አትንካ፤ ለመብራት አገልግሎት 905 ደውል። ስትደውል «መብራት ያስቸግራል» ብቻ አትበል። «ባለ ሦስት ፌዝ ነው፣ ኒውትራል ላልቷል፣ ቮልት ከልክ በላይ እየወጣ ነው» በል።

ስታቢላይዘርህ ለምን እንደሸተተ አሁን ገብቶሃል። ገበያው ላይ ያሉት ርካሾቹ ትንሽ መዋዠቅን ያስተካክላሉ እንጂ 300 ሲመጣባቸው መጀመሪያ የሚነዱት እነሱ ናቸው። ብርህን ቮልት ሲበዛ መስመሩን በሚቆርጥ መከላከያ ላይ አውለው፤ እሱንም ኒውትራሉ ከታሰረ በኋላ። አከራይህ ምጣዱን በዲቫይደር ነው የሚሰኩት? ብቻውን 16 አምፔር ይስባል። ላዩ ላይ 16 ተጽፎ ውስጡ እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ ያለበትን ዲቫይደር በእጄ ፈትቼ አይቻለሁ። ለምጣድ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይዘርጉለት።

ሠሪው በቴሌቪዥኑ ፊውዝ ቦታ ሽቦ በጥሶ አያይዟል ያልከው አናዶኛል። ቤት የሚያቃጥል ሥራ ነው። ሽቦውን አስነቅለህ ትክክለኛውን ፊውዝ አስገባ፤ አጠገቡ ያለውን፣ ቮልት ድንገት ሲበዛ የሚከላከለውን ቫሪስተርም አስቀይር። ኒውትራሉ ሳይታሰር ግን ቴሌቪዥኑን እንዳትሰካ።

እደግመዋለሁ፦ ኒውትራል ነው ብለህ በባዶ እጅህ አትንካ። አጥፋ፣ ለካ፣ ከዚያ ንካ። የለካኸውን ሁለቱን ቁጥር ላክልኝ፤ ምጣዱ ጠፍቶ ስንት፣ በርቶ ስንት።