ሰዉ ሳይሆን ሜዳው ሲከብድ

ከአገር ከወጡ ጥቂት ዓመት የሆናቸው ሰዎች ሲያማክሩኝ አንድ ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ። ሥራ አለ፣ ወረቀት አልቋል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ሐበሻውም በአካባቢው ሞልቷል። ግን «እዚህ ከተማ ቀልቤ አላረፈም» ይላሉ። ከዚያ ምክንያት ፍለጋ ይጀመራል። ሰዉ ፊት አይሰጥም፣ ጎረቤት ሰላም አይልም፣ ኑሮው ሩጫ ነው። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። በመስኮታችሁ ስታዩ ምን ይታያችኋል? ያደጋችሁበት ቤት ደጃፍ ላይ ስትቆሙስ ምን ይታያችሁ ነበር?

ጥያቄው የቅንጦት ይመስላል። ኪራይና ቢል እያሳደደን ስለ ጋራና ሸንተረር ማውራት ምን ይባላል? ግን ሰው ከሰፈሩ መሬት ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ጥፋቱን በትዳሩ፣ በሥራው ወይም በአገሩ ሕዝብ ላይ ሲጥል ብዙ አይቻለሁ።

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ወጣት የስዊዘርላንድ የሕክምና ተማሪ፣ ከአገራቸው ርቀው የሄዱ ወገኖቹን የሚይዘውን የናፍቆት ሕመም በመመረቂያ ጽሑፉ መዘገበ። ቆየት ብሎ ሾይክሰር የሚባል ሌላ ስዊሳዊ ሊቅ ምክንያቱን አገኘሁት አለ። ተራራ ላይ ያደገ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ ከባዱ አየር ይጫነዋል፣ ደሙም በደንብ አይዘዋወርም አለ። ማብራሪያው ውድቅ ሆኗል። ደገኛ ሰው ሜዳ ሲወርድ የሆነ ነገር እንደሚከብደው ግን በትክክል አይቷል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው አቅጣጫ የሚያውቀው በእግሩ ነው። እንጦጦ በሰሜን አለ፤ መሬቱ ከዚያ ተነሥቶ ወደ አቃቂ እየወረደ ይሄዳል። ዳገት ከሆነ ወደ እንጦጦ እየቀረብን ነው፣ ቁልቁለት ከሆነ እየራቅን። ማንም አላስተማረንም። ዳላስ ወይም ሂውስተን ስትገቡ ይህ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። መሬቱ ዝርግ ነው፤ መገንጠያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የስልክ ባትሪ ሲያልቅ የሚይዛችሁ ድንጋጤ ከመንገድ መሳት ያልፋል፤ ዓይን የሚይዘው ነገር ያጣል። ዴንቨርና ኦሮራ ያሉ ወገኖች በዚህ በኩል ይሻላሉ። ከተማው 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ተራሮቹም ሁልጊዜ በምዕራብ ተደርድረው ይታያሉ። አንድ ወዳጄ ከሚድዌስት፣ ከአሜሪካ መካከለኛው ሜዳማ ክፍል፣ ወደዚያ ከተዛወረ በኋላ ደመወዙ ቀንሶ እንቅልፉ ተስተካከለ። ሚስቱ እስካሁን ስለ ደመወዙ ታነሳለች።

ጄይ አፕልተን የተባለ እንግሊዛዊ የጂኦግራፊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ያቀረበው ሐሳብ አለ። ሰው የሚማርከው አርቆ ማየት የሚያስችለውና መጠለያም የሚሰጠው መልክዓ ምድር ነው ይላል። አምባ ላይ ደብርና መንደር ሲሠራ ለኖረ ሕዝብ ይህ ዜና አይደለም።

ግን «ኢትዮጵያዊ ተራራ ይናፍቀዋል» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። የጋምቤላ ልጅ የሚያውቀው ሜዳውንና የባሮን ወንዝ ነው። ተራራ ቢከበው ሊጨንቀው ይችላል። የድሬዳዋ ልጅ ላስ ቬጋስ ወይም ፊኒክስ ሲገባ ትከሻው ይፈታል። እሷ የደብረ ብርሃን፣ እሱ የድሬ የሆኑ ባልና ሚስት አውቃለሁ። እሷ ሌሊት መስኮት ትከፍታለች፣ እሱ ተነሥቶ ይዘጋል። የት ከተማ ቤት እንግዛ በሚለው ለዓመታት ሲጨቃጨቁ ጠቡ የገንዘብ ይመስላቸው ነበር። ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ሁለታችሁም እስከ ዐሥራ ምናምን ዓመታችሁ ድረስ የት እንደኖራችሁ፣ ደጃችሁ ምን ይመስል እንደነበር ቁጭ ብላችሁ አውሩ። ከባንክ ሰው ጋር ከምታወሩት ያላነሰ ይጠቅማችኋል።

ከመሬቱ ቀጥሎ ብርሃኑ አለ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ስቶክሆልም በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይ ከአድማሱ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ስድስት ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ጥላችሁን እዩት። እኛ ቀትር ላይ ጥላችን እግራችን ሥር ሲሰበሰብ ያደግን ሰዎች ነን፤ እዚያ ግን ጥላው ከቁመታችሁ ሰባት እጥፍ በላይ ይሆናል። ሰውነት ይህን በቀላሉ አይቀበልም።

ኖርማን ሮዘንታል የሚባለው ሐኪም ከጆሃንስበርግ ኒው ዮርክ ሲሄድ ዊንተር በመጣ ቁጥር ጉልበቱ ሲከዳው በራሱ ላይ አየ። እ.ኤ.አ. በ1984 ከባልደረቦቹ ጋር ወቅት ጠብቆ የሚመጣውን ድብርት በጥናት ገለጸ። ስለዚህ ኅዳር ላይ ተነሥ ተነሥ የማይላችሁ፣ ሰው ማግኘት የሚያስጠላችሁ፣ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ነፍስ የምትዘሩ ከሆነ ስንፍና አይደለም፤ ሰውም አላዞረባችሁም። ሐኪም አማክሩ። ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል ፊት ለፊት የሚቀመጡበት 10,000 ለክስ (ለክስ የብርሃን መለኪያ ነው) የሚሰጥ መብራት አለ፤ ብዙ ሰው ይረዳል። የዓይን ሕመም ወይም ሌላ የአእምሮ ሕክምና ካለባችሁ ግን ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ቫይታሚን ዲም አስመርምሩ። ጥቁር ቆዳ ከደካማ ፀሐይ በቂውን ማግኘት ይከብደዋል። የእንግሊዝ ጤና አገልግሎት ሁሉም ሰው ቅጠል በሚረግፍበት ወቅትና በዊንተር በቀን 10 ማይክሮግራም መውሰድን እንዲያስብበት፣ ጥቁር ሰዎች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንዲያስቡበት ይመክራል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ልመና አለኝ፤ ቤዝመንት አትከራዩ። ርካሽ እንደሆነ አውቃለሁ። መስኮቱ ጣሪያው ሥር ነው፤ በእሱ የሚታየው የመኪና ጎማና የአላፊ አግዳሚ ጫማ ነው። በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው እዚያ ሲተኛ ቀኑ መቼ እንደመጣና እንደሄደ አያውቅም። አገር ቤት ሳለን ቤት ስንመርጥ ፀሐይ ከየት እንደሚገባ ብዙም አናስብም ነበር፤ ብርሃን ሞልቶ። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ግን የሳሎኑ መስኮት ወደ ደቡብ መዞሩን አረጋግጡ። አውስትራሊያ ከሆናችሁ ወደ ሰሜን። ከተቻለ ፎቅ፣ ከተቻለ ጉብታ ላይ ያለ ሰፈር። ሃምሳ ዶላር ጨምሩበት።

ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ይህን ስታነቡ እንደምትታዘቡኝ አውቃለሁ። ቤት መምረጥ ቀርቶ በር መውጣትም የተከለከላችሁ አላችሁ። ለእናንተ የምለው የልብስ ማስጫው ጣሪያ ክፍት ከሆነ ሥራውን ወደ ንጋት አድርጉት፤ ሙቀቱም አይበረታ፣ ሰማዩም ይታያል።

ወደ መሬቱ ልመለስ። ፈረንጅ ጓደኛ «ናፍቆት ከያዘህ ተፈጥሮ ውስጥ ግባ» ይልና ጫካ ይወስዳችኋል። ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሰው የሌለበት፣ አሥር ሜትር ወደፊት የማይታይበት። እናንተም ትፈራላችሁ፤ መፍራታችሁም ያሳፍራችኋል። አያሳፍራችሁ። የእኛ ደጋ ገላጣ ነው። እስከ ጋራው ወገብ ይታረሳል፣ ጭስ ይታያል፣ ከብት ይጮኻል፣ ዛፍ በብዛት ያለው ደብሩ ዙሪያ ነው። ሰው የሌለበት ጫካ ለእኛ የጅብና የሽፍታ ነበር እንጂ የመዝናኛ አልነበረም። ስለዚህ ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ስትሄዱ ጫካው ውስጥ ካልገባን አትበሉ። ስካይላይን ድራይቭ በተራራው አናት ላይ 169 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መንገድ ነው፤ በየመቆሚያው መኪናችሁን አቁማችሁ ታች ሸለቆው ውስጥ ያለውን እርሻ እዩ። ከብት የሚግጥበትን የገጠር መንገድ መንዳትም ያው ነው።

አንዳንዱ መሬት ደግሞ ሳትፈልጉት ይመጣላችኋል። ሜልበርን ፉትስክሬይ አካባቢ ያላችሁ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጥሳችሁ በእጃችሁ እሹት። ጉንፋን ሲይዘን የታጠንበት ሽታ ነው። ዛፉ ለነገሩ የእነሱ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዋና ከተማው አዲስ ዓለም ወደምትባለው ከተማ ሊዛወር ሲል የመጣ። የኦክላንድና የበርክሌይ ኮረብታዎችም ሞልተውታል። ጆሃንስበርግ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ በመሬቱ በኩል ማለቴ ነው። 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማታ የሚቀዘቅዝ አየር፣ በዝናቡ ወቅት ከሰዓት በኋላ የሚያጓራ ነጎድጓድ።

አንዳንዱ ግን አይለመድም። ሃያ ዓመት ኖራችሁበት ያልለመዳችሁት ሜዳ ካለ መዛወርን አስቡ፤ ለሥራ የሚዛወር ሰው አይታማም፣ ለዚህም አይታማ።

ልጆቹ ላይ ነው የምትቸገሩት። ሚኒሶታ የተወለደ ልጅ አገሩ ሜዳና ሐይቅ ነው። ጎጃም ልታሳዩት ስትወስዱት ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ትወርዳላችሁ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ። አባት መኪና አስቁሞ «እየው!» ይላል። ልጁ ጠመዝማዛው አዙሮት ያስመልሰዋል። ቀና ብሎ አላየም ብላችሁ አትቆጡት። ከባሕር ወለል ብዙም ከማይርቅ አገር 2,300 ሜትር ላይ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሱን ሊያመው፣ ሊያለከልክም ይችላል፤ አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ቀን አሳርፉትና ፊት ወንበር አስቀምጡት። ስትመለሱ ደግሞ የእሱን ሐይቅ እሱ ያሳያችሁ። ዊንተር ላይ በረዶው ላይ ለመራመድ አዲስና ጥርት ያለው በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር መወፈር አለበት፤ በመሰርሰሪያ በስቶ መለካቱን ትምህርት ቤት አስተምረውት ይሆናል፣ ጠይቁት።