መልስ፦ የሽንቱ ቀዳዳ ከሥር የሆነ ልጅ ይገረዝ ወይ?

አታስገርዢው፣ እህቴ። የሽንት ቀዳዳው ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥር በኩል ሆኖ የተወለደ ልጅ ሸለፈቱ ለቀዶ ጥገናው ሊያስፈልገው ይችላል። ሐኪሞች ችግሩን ሃይፖስፔዲያስ ይሉታል። ቀዳዳውን ወደ ጫፍ ሲያመጡት የሚሸፍኑት፣ አንዳንዴም የሽንት ቱቦውን የሚሠሩት ከዚያ ቆዳ ነው። አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም።

አያቶቹ በስምንተኛው ቀን ይገረዝ ማለታቸው ይገባኛል፤ በእኛ በጎጃም ቀላል ነገር አይደለም። «ግርዛቱ አልቀረም፣ ከቀዶ ጥገናው ጋር ይሆናል» በያቸው። ብዙ ጊዜ የሚሆነውም እንደዚያ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ሪፈር አጽፊና የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ቀጠሮ ያዢ። በአብዛኛው የሚሠራው ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ስለሆነ ጊዜ አለሽ። ቀዳዳው ወደ ታች በጣም ከራቀ በሁለት ዙር ሊሠራ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አሳዪ። ሁለቱም የቆለጥ ፍሬዎች በእጅ ሲዳሰሱ ካልተገኙ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የሆርሞን ምርመራ ቶሎ ያስፈልገዋል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ብዙ ጊዜ ለቀናት ቀጭን ቱቦ ይደረግለታል። ሽንቱ ጠብ ጠብ እያለ ዳይፐሩ ላይ ይወርዳል። በእኛ ልጅ እንዳየሁት ቱቦው ሲታጠፍ ጠብታው ቀጥ ይላል፣ ልጁም እየተንሰቀሰቀ ያለቅሳል። እንዳትጎትቺው፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታሉ ውሰጂው። ስለዚህ ቱቦው ሳይወጣ ወደ ገጠር አትመለሺ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ዘመድ ፈልገሽ እዚያው ሰንብቺ።