ቴስት ላይ «ቢን የለም» እያለ ያስቸገራችሁ ጠይቁ

ሰላም ነው ጀመዓ፣ የደሴም የኮምቦልቻም ልጆች፣ ስፕሪንግ ቡት ላይ ቴስት እምቢ ያላችሁ ጻፉ፣ ማታውን አለሁ። ለጀማሪ፦ ስፕሪንግ ቡት የጃቫ ፍሬምወርክ ነው፣ ቢን ደግሞ ስፕሪንግ ራሱ ፈጥሮ የሚያስተዳድረው ኦብጀክት።

ጥ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። ሰርቪሱ ላይ ሰርቪስ የሚለውን አኖቴሽን አርጌያለሁ ግን ቴስቱን ሳሮጠው ቢኑ የለም ይለኛል። ሜይን ክላሴ ወሎ.ሱቅ ውስጥ ነው ሰርቪሱ ወሎ.ክፍያ ውስጥ

መ፦ አብሽር፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ስፕሪንግ ክላስ የሚፈልገው ሜይን ክላሱ ካለበት ፓኬጅ ጀምሮ ወደታች ብቻ ነው፣ ሐረጎ (በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ያለው ዳገት) ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደናንተ የሚያይ ሰው ደሴ ከጀርባው ናት አያያትም። ሜይን ክላሱን አንድ ደረጃ ከፍ አርገህ ወሎ ውስጥ አስቀምጠው። የሚታሰሰውን ፓኬጅ በስም መዘርዘርም ይቻላል ግን አዲስ በተጨመረ ቁጥር ትረሳዋለህ፣ እኔ አልወደውም።

ጥ፦ የኔ ገና ሲነሳ ስፕሪንግ ቡት ኮንፊገሬሽን አላገኘሁም ብሎ ይቆማል

መ፦ ያንተ ተገላቢጦሽ ነው። ቴስቱ ሜይን ክላሱን የሚፈልገው ከራሱ ፓኬጅ ወደላይ እየወጣ ስለሆነ የፓኬጁ ስም ካልገጠመ አያገኘውም። በናትህ መጀመሪያ ፊደል እንዳልተሳሳትክ እይ።

ጥ፦ ዌብ ኤምቪሲ ቴስት ሰርቪሴን አያውቀውም፣ አፑ ግን ይሰራል

መ፦ እንዳያውቀው ሆኖ ነው የተሰራው፣ ኮንትሮለርና የዌብ ነገር ብቻ ነው የሚጭነው። ሰርቪሱን በሞኪቶ ቢን ሞክ (የውሸት ምትክ) አርገህ ስጠው። የድሮ ቱቶሪያል ላይ ያለው ሞክ ቢን በስፕሪንግ ቡት 3.4 ዴፕሪኬትድ (ተዉት የተባለ) ሆኖ በ4.0 ጭራሽ ወጥቷል።

ጥ፦ ኦቶዋየርድ (ስፕሪንግ ይሙላልኝ) ያልኩት ፊልድ ኑል ነው 😭 ሌላ ኤረር የለም

መ፦ እህቴ ክላሱን ራስሽ በኒው ፈጥረሽው ከሆነ ስፕሪንግ አይነካውም። ካልሆነ ኢምፖርቱን እዪ፣ ቴስት የሚለው አኖቴሽን ከጄዩኒት 4 መጥቶ ሌላው የጄዩኒት 5 ከሆነ ፊልዱን የሚያስሞላው የስፕሪንግ ኤክስቴንሽን ስለማይሰራ ፊልዱ ባዶ ይቀራል፣ አይዲኢው ራሱ መርጦ ሲያስገባ ነው ይሄ ጉድ የሚመጣው። ግን እውነቱን ልንገርሽ ፊልዱን ተዪውና በኮንስትራክተር ተቀበዪ፣ ያኔ ሰርቪሷን ለመፈተሽ ስፕሪንግ ራሱ አያስፈልግሽም፣ ሞኩን በእጅሽ ሰጥተሽ ወዲያው ያልቃል፣ ራሙ ትንሽ በሆነ ላፕቶፕ ለምንሰራ ሰዎች ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥ፦ አንድ ኢንተርፌስ ሁለት ኢምፕሊመንቴሽን፣ የቱን ልውሰድ ይላል

መ፦ በስም ለመምረጥ ኳሊፋየር፣ ወይ አንዱን ዋና ለማድረግ ፕራይመሪ። አለቀ።

ጥ፦ ሁሉም ያልፋል ግን በጣም ይዘገያል

መ፦ ስፕሪንግ የከፈተውን ኮንቴክስት (ቢኖቹ ሁሉ ያሉበትን) መልሶ ይጠቀማል፣ ቅንብሩ አንድ ሲሆን ብቻ። እያንዳንዱ ቴስት ክላስ የተለያየ ሞክ ካለው በየጊዜው አዲስ ያስነሳል። የጋራ ሞኮቹን አንድ አባት ክላስ ላይ ሰብስባቸው፣ ኮንቴክስቱን የሚያስጥለውን ደርቲስ ኮንቴክስትን ደግሞ በጨነቀህ ቁጥር አትለጥፍ።