የጋለ ብረት ማግኔት የማይስበው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የእጅ ሥራ መምህር ነኝ። በፍም ውስጥ በወናፍ አግለን ያወጣነውን የብረት ዘንግ ማግኔት ሳይስበው ቀረ፤ ሲቀዘቅዝ ግን እንደ ቀድሞው ሳበው። ብረቱ ሳይቀልጥ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በማግኔት የመሳብ ባሕርዩን የሚያጣው ግን ገና ጠጣር ሆኖ ቅርጹን እንደያዘ፣ በ770 ዲግሪ ላይ ነው። ይህ ወሰን፣ ሙቀት በማግኔትነት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1895 የዶክትሬት ጥናቱን ባቀረበው ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ በፒየር ኩሪ ስም የኩሪ ሙቀት ይባላል።

እያንዳንዱን የብረት አቶም እንደ ትንሽ ማግኔት ይቁጠሩት። ከዚህ ወሰን በታች ጎረቤታሞቹ አቶሞች እርስ በርስ ተሳስረው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ሙቀቱ ሲያይል የሚያናውጣቸው ኃይል ከሚያስተሳስራቸው ኃይል ይበልጥና፣ አቶሞቹ ቦታቸውን ሳይለቁ ሰልፋቸው ብቻ ይፈርሳል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ሰልፉ ስለሚመለስ ማግኔትዎ እንደገና ሳበው።

የማግኔቱ ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ ይህንንም ለተማሪዎችዎ አጥብቀው እንዲነግሯቸው እለምንዎታለሁ። ማግኔት ራሱ ከኩሪ ሙቀቱ በላይ ከጋለ፣ ቢቀዘቅዝም የቀድሞ ጉልበቱ አይመለስለትም፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች እያንዳንዳቸው ቢሰለፉም አቅጣጫቸው ስለሚለያይ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋዋል። ብርቱ የሆነው የኒዮዲሚየም ማግኔትማ፣ ተራው ዓይነት፣ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጉልበቱ መድከም ይጀምራል። ስለዚህ ማግኔቱን ከጋለው ብረት ጋር አስነክተው አያቆዩት። ቢላዋና መጥረቢያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ግን ይህንኑ ባሕርይ ይጠቀሙበታል፤ ብረቱ በማግኔት መሳቡን ካቆመ በኋላ ጥቂት ጨምረው ያግሉትና በውኃ ወይም በዘይት ነክረው ያጠነክሩታል።

ተፈጥሮም ይህንኑ በአፋር ምድር ስታደርገው ኖራለች። የቀለጠ አለት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ማግኔታይት የተባለ ማዕድን ወደ 580 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ማግኔት ይሆናል፤ ሙቀቱ እየወረደ ሲሄድም በዚያን ዘመን የነበረውን የምድር መግነጢሳዊ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። ያ አቅጣጫ በምድር ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለተገለበጠ፣ ድንቅነሽ በተገኘችበት በሃዳር የአለት ንብርብሮችን ዕድሜ ለመወሰን ተመራማሪዎች ከሌሎች ዘዴዎች ጋር ይህንንም ምልክት ተጠቅመዋል።