ጥያቄና መልስ፦ የጉዲፈቻ ሕግ፣ ፓርላማውና ልጆቻችን

ሰላም ለሁላችሁ። በቤተሰብ ጉዳይ ጥብቅና ከቆምኩ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከያዝኳቸው መዝገቦች ብዙዎቹ የጉዲፈቻ ናቸው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው «የውጭ ጉዲፈቻን የከለከለው ፓርላማ ለልጆቹ ምን አደረገላቸው?» ብሎ ጠይቆ ነገሩ ተጋጋለ። ዛሬ ማታ እስኪደክመኝ እመልሳለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በፍርድ ቤት ያልጸደቀ የጉዲፈቻ ስምምነት በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። ሽማግሌ ቢመሰክር፣ ሦስት ቦታ ቢፈረም ዋጋ የለውም። ይህን ያዙልኝ።

የሕግ ተማሪ፦ የ2010ሩ ማሻሻያ በትክክል የለወጠው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ለውጭ ዜጎችም በሩን ክፍት አድርጎ ነበር። የልጁን ደህንነት የሚከታተል የመንግሥት አካል አስተያየት ይጠየቃል፣ ፍርድ ቤቱም ያያል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ያጸደቀው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1070/2010፣ ያንን በር ዘጋው።

ነገሩ ግን በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ሄደዋል። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ወደዚያው አገር የሄዱት ከ15,000 ይበልጣሉ። ያኔ ጉዳዩን የሚያየው የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 በቀን እስከ 50 ያየው የነበረውን ጉዳይ ወደ 5 አወረደው። የወረቀት ማጭበርበር ስለበዛ ነው። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ጨርሶ አቆመው። ምክር ቤቱ ያደረገው በተግባር የቆመውን ሕግ ማድረግ ነበር።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ሌላ ነጥብ አለ። የቤተሰብ ሕግ የክልሎች ሥልጣን ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይ የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ስለዚህ ክልል ያላችሁ ሰዎች፣ እኔ የምነግራችሁን ይዛችሁ ፍርድ ቤት አትሂዱ። የክልላችሁን ሕግ ተመልከቱ።

ሳሪስ፦ እትዬ፣ ልጅ ማሳደግ ፈልጌ ነበር። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ «እንዴት ነው» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም። አግብተሻል? ዕድሜሽስ? ልጁን አግኝተሻል ወይስ ገና ትፈልጊያለሽ?

ሳሪስ፦ ይቅርታ። 34 ዓመቴ ነው። ባለትዳር ነኝ። ልጅ ገና አላየንም።

መልስ፦ እሺ፣ አሁን ገባኝ። አዲስ አበባ ከሆንሽ፣ ጉዲፈቻ አድራጊ ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ባልና ሚስት ከሆናችሁ አንዳችሁ 25 ከሞላችሁ ይበቃል። ባለትዳር ብቻውን ጉዲፈቻ አያደርግም፤ የትዳር ጓደኛውን ልጅ ካልሆነ በቀር። ባልሽ ዝም ብሎ ከጀርባ የሚቆም ከሆነ አይሆንም፣ አብሮ ይፈርማል። ወላጆች ካሉ ፈቃዳቸው ያስፈልጋል። ዳኛው የልጁንም ሐሳብ ይሰማል፣ የማሳደግ አቅማችሁንም ያያል። መነሻችሁ የክፍለ ከተማችሁ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ነው። ደላላ ዘንድ አትሂዱ።

ከሚኒሶታ፦ የእህቴን ልጅ ወደ አሜሪካ ልወስድ እችላለሁ? የአሜሪካ ዜጋ ነኝ።

መልስ፦ ይህ የኢሚግሬሽን ጥያቄ ነው። እዚያው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቅ። እኔ የምነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው። «በቤተሰብ ጉዳይ ስም ወረቀት አሰርቼ እወስዳለሁ» ከሚል ሰው ራቅ።

ኮፐንሃገን ያደግሁት፦ በ8 ዓመቴ ነው የወጣሁት። ይህን የምጽፈው ጓደኛዬ እያገዘኝ ነው። ማመልከቻዬ ላይ «እናቱ በሕይወት የለችም» ይላል። ካደግሁ በኋላ ሄጄ እናቴን ሶዶ አቅራቢያ አገኘኋት። በሕይወት አለች። «ትማራለህ፣ ከዚያ ትመለሳለህ አሉኝ» አለችኝ። ወረቀቱ በአማርኛ ነው፣ እሷ አማርኛ አታነብም። አውራ ጣቷን ነው ያሳረፈችው። ሕጉ ይህን እንዴት ፈቀደ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን መጻፍ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። እኔን ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰኝ ጉዳይ ይኸው ነው።

«ጉዲፈቻ» ቃሉ የመጣው ከኦሮምኛ ነው። ለራስ አድርጎ ማሳደግ ማለት ነው። በአማራና በትግራይ ባህልም የጡት ልጅ፣ የማር ልጅ የሚባል አለ። ማር ጡት ወይም አውራ ጣት ላይ ተቀብቶ ልጁ ይጠባል፣ ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልጁ ሌላ ቤት ያድጋል እንጂ የወለደችው እናት አትሰረዝም። የ1992ቱ ሕግም ይህን መንፈስ ጠብቋል። ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም።

አውሮፓና አሜሪካ የሚሠራው ጉዲፈቻ ግን ባብዛኛው ሌላ ነው። የድሮው ቤተሰብ በሕግ ያበቃል፣ የልጁ ስም ይቀየራል፣ አዲስ የልደት ወረቀት ይወጣል። እናትህ «ጉዲፈቻ» የሚለውን ቃል ስትሰማ አንድ ነገር ገባት። የተቀበለህ ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ነገር ገባው። ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ቃል ነበር። አጭበርባሪው በዚህ ክፍተት ገባ። «በሕይወት የለችም» ብሎ መጻፍ ወንጀል ነው። ግን ያ ውሸት ባይጻፍም እናትህ የፈረመችው የተረዳችውን አልነበረም።

ሕግ አውጪ ዋና ሥራው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ትርጉም መስጠት። የልጅ ጉዳይ አንቀጽ ሲረቀቅ «ፈቃድ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ በማን ቋንቋ፣ ማን አንብቦለት፣ ስንት ቀን እንዲያስብበት ተሰጥቶት እንደሆነ መጻፍ አለበት። ለውጭ ብቻ አይደለም። አሁን አገር ውስጥ ለምናደርገውም ያስፈልጋል።

የድሮዋ ሞግዚት፦ አዝናለሁ ልጄ። ግን እኔ ማሳደጊያ ተቋም ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ሁሉም ወረቀት ውሸት አልነበረም። ደጃፍ ላይ የተጣሉ ሕፃናት ነበሩ። በሩ ሲዘጋ እነሱ የት ሄዱ? እዚያው ማሳደጊያው ውስጥ ቀሩ። አንዱን 6 ዓመት በጀርባዬ አዝዬ አሳድጌዋለሁ፣ ማንም አልመጣም።

ከነቀምቴ፦ እኛ ዘንድ ልጅ አይጣልም። ጉዲፈቻ የኛ ባህል ነው። ሌሎች ናቸው ወደ ንግድ የቀየሩት።

የድሮዋ ሞግዚት፦ «አይጣልም» አይባልም። እኔ ነኝ ያነሳኋቸው። የየትም ልጆች ነበሩ።

ከነቀምቴ፦ ቃሉ የኛ ነው እያልኩ ነው እንጂ አንቺን አልተናገርኩም።

ጎጃሜው፦ የጡት ልጅም እኮ ከዚያ ያላነሰ ነው። አያቴ የጡት ልጅ ነበረች፣ ርስት ወርሳለች።

መልስ፦ እባካችሁ። የማን ቃል እንደሆነ ተናግሬያለሁ፣ ባህሉም የሁላችን ነው። እናት፣ እርስዎ ያነሱት ጥያቄ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፣ መመለስ አለበት።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ መንግሥት ለእጓለ ማውታ፣ ማለትም ወላጅ ለሌላቸው ልጆች፣ ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግ፣ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን የሚያመቻቹ ተቋማት እንዲመሠረቱም እንደሚያበረታታ ይላል። ምክር ቤቱ የውጭውን በር ሲዘጋ ይህ ግዴታ አብሮ አልተዘጋም፣ ይልቁንም ከበደ። ልጅን ለጊዜው የሚቀበል የአደራ ቤተሰብ ያስፈልጋል። የአደራ ቤተሰብ ዝርዝር ያለው ግን እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ ውስጥ ነው። መመሪያ ነው፣ አዋጅ አይደለም። እኔ የምፈልገው በቤተሰብ ሕጉ ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። እርስዎ ያዘሉት ልጅ 6 ዓመት ተቋም ውስጥ የቆየው ሕጉ መካከለኛ ቤት ስላልሠራለት ነው።

ከመርካቶ፦ የፓርላማ አባላት እጅ ከማውጣት ሌላ ምን ይሠራሉ? ይህን ሁሉ ከነሱ መጠበቅ ትክክል ነው?

መልስ፦ ትክክል ነው። ረቂቅ መጀመሪያ ሲቀርብ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት መድረክ ያዘጋጃል፣ ባለሙያ ይሰማል፣ አንቀጽ በአንቀጽ ያያል። ሕዝብ ሊገባ የሚችልበት ቦታ እሱ ነው። ሕጉ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ ሚኒስቴሩን ጠርቶ መጠየቅ፣ በጀቱን ማየት አለ። ስንት ማኅበራዊ ሠራተኛ ተቀጠረ? ስንት ልጅ ከተቋም ወጥቶ ቤተሰብ ገባ? ይህን በየዓመቱ የሚጠይቅ አንድ አባል ከሃያ ንግግር ይበልጥብኛል። የመረጥከውን ሰው ስልክ ደውለህ ይህን ጥያቄ አስይዘው።

ከአዳማ፦ ጎረቤታችን አንዲት ልጅ ሕፃኗን ጥላብን ጠፋች። እኔ ነኝ የወለድኳት ብዬ የልደት ሰርተፍኬት ላውጣላት?

መልስ፦ አይሆንም! በፍጹም አይሆንም። ሐሰተኛ ምዝገባ ወንጀል ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የዚያችን ሕፃን እውነተኛ ታሪክ ለዘላለም ታጠፊዋለሽ። ከላይ ከኮፐንሃገን የጻፈውን ወንድማችንን አንብቢ። ዛሬውኑ ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አሳውቂ። ማሳደግ ከፈለግሽም እዚያው ንገሪያቸው። ጉዲፈቻ ራሱ በወሳኝ ኩነት አዋጅ 760/2004 የሚመዘገብ ኩነት ነው፣ መደበቅ አያስፈልገውም። ደግሞ አዳማ ኦሮሚያ ነው፣ የክልልሽን ሕግ ተመልከቺ።

ኡሙ፦ እኛ ሙስሊሞች ነን። ዘር መቀየር አይፈቀድልንም። የሙት ልጅ ማሳደግ ግን እንፈልጋለን።

መልስ፦ ሃይማኖታዊውን ክፍል ለዑለማዎቻችሁ እተወዋለሁ። ሕጋዊው ግን ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 20 ከፋላን በስሙ ጠርቶ ከአማራጭ ክብካቤዎች ውስጥ ያስቀምጠዋል። የልጁ ስምና ዘር ሳይነካ ማሳደግ ማለት ነው። በሞግዚትነት መልክ፣ ማለትም በሕግ የልጁን ኃላፊነት ወስዳችሁ ለማሳደግ፣ ፍርድ ቤት ጠይቁ። ሕግ አውጪውም ይህን መንገድ ግልጽ ቢያደርገው ብዙ ቤት ይከፈታል።

ባለጉዳይ፦ በጉዲፈቻ ያሳደግነው ልጅ 15 ዓመቱ ነው። አመለኛ ሆነብን። ስምምነቱን ማፍረስ እንችላለን?

መልስ፦ አትችሉም። ልጅ አመለኛ ስለሆነ ጉዲፈቻ አይፈርስም፣ የወለዳችሁት ልጅ አመለኛ ቢሆን እንደማይፈርስ ሁሉ። ፍርድ ቤት የሚያፈርሰው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ሲይዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ሲይዘው ነው። አንቀጹ የተጻፈው ልጁን ከእናንተ ለመጠበቅ ነው። 15 ዓመት ከባድ ዕድሜ ነው። ልጁ «ያፈርሱኛል» የሚል ቃል ሰምቶ ከሆነ ዛሬ ማታ አጠገቡ ቁጭ በሉና እንደማትለቁት ንገሩት።

ከሃዋሳ፦ ውርስ ላይ እኩል ነው?

መልስ፦ እኩል ነው።

ጎጃሜው፦ ወላጅና አሳዳጊ ተስማምተው፣ ምስክር ፊት ቢፈራረሙስ? ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን መስመር አንብበሃል? በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ዋጋ የለውም። ለምን እንደምደጋግመው ልንገርህ። ዳኛው ፊት ሲቀርብ ነው ልጁ የሚጠየቀው። ጓዳ ውስጥ ሲፈራረሙ ልጁን የሚጠይቅ የለም።

ኮፐንሃገን ያደግሁት፦ አንድ ጥያቄ ልጨምር። የኔን ጉዳይ የወሰነው ፍርድ ቤት ፋይል ዛሬም ይኖራል? እናቴ ስሟ ወረቀቱ ላይ «የሞተች» ተብሎ እንዳይቀር ትፈልጋለች።

መልስ፦ ውሳኔውን የሰጠው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው መጀመሪያ የሚጠየቀው። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርም የድሮውን ሚኒስቴር ሥራ ስለወረሰ እዚያም ማመልከት ትችላለህ። እናትህ በሕይወት መኖሯን ቀበሌዋ በጽሑፍ ይስጣት። እሷ ራሷ በምትናገረው ቋንቋ አስተርጓሚ ይዛ ትቅረብ፣ ዳግመኛ አውራ ጣቷን ያልገባት ወረቀት ላይ እንዳታሳርፍ። የውሳኔው ግልባጭ ካለህ ከላይ በስተቀኝ የመዝገብ ቁጥር ይኖረዋል። እዚህ አትለጥፈው፣ ለኔ ብቻ ላከው። ነገ ጠዋት ልደታ ችሎት አለኝ፣ መዝገብ ቤት ጎራ ብዬ እጠይቅልሃለሁ።