ዓድዋ ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስምንተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ስለ ዓድዋ ኢንተርኔት ላይ ስታነብ፣ ጦርነቱ የተካሄደው ማርች 1 ቀን 1896 ነው የሚል አገኘች። እኛ የካቲት 23ን የምናከብረው ግን በፈረንጆቹ ማርች 2 ላይ ነው። «አባዬ፣ አንድ ቀን ዘግይተን ነው እንዴ የምናከብረው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።
የልጅ አባት፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ እንዲህ የምትጠይቅ ልጅ ይባርክልዎ። እኛም አልዘገየንም፣ ፈረንጆቹም አልተሳሳቱም። ያን እሑድ ንጋት ዓድዋ ላይ ጦርነቱ ሲጀመር በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888፣ በጣሊያኖቹ ደግሞ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ጣጣው የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

እኛ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 እናደርጋለን፤ አንድም ጊዜ አንዘልልም። ፈረንጆቹም በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪን 29 ያደርጋሉ። ነገር ግን የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ በ1582 ባወጡት ደንብ መሠረት፣ እንደ 1800 እና 1900 ያለ መቶ የሚሞላ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ያቺን ቀን አያገኛትም። 1900 ለ400 አይካፈልም። እኛ በ1891 ማብቂያ ጳጉሜን 6ን ቆጥረን አልፈናል፤ እነሱ ግን በተከታዩ ፌብሩዋሪ 28 ላይ ቆሙ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ፣ የካቲት 23ም ማርች 2 ላይ አረፈች። 2000 ለ400 ስለሚካፈል ምንም አልተነካም። በእነሱ 2100 ሲገባ ግን አንድ ቀን ይዘላሉ፤ በ2092 ዓ.ም. ዓድዋን የሚያከብሩ የልጅ ልጆቻችን ማርች 3 ላይ ያገኙታል ማለት ነው።

ልጅዎ በዓይኗ ታረጋግጥ። ከበር ጀርባ የተሰቀለውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አውርዳ የካቲትን ትግለጥ። በ23 ሳጥን ጥግ ላይ ያለችው ደቃቃ የፈረንጅ ቁጥር 2 ናት። የትኛውንም ዓመት ብታይ 2 ናት። የየካቲት 12 ግን አብዛኛውን ጊዜ 19 ሆና፣ ጳጉሜን 6 ሆና ባለፈችበት ማግስት በሚገባው ዓመት 20 ትሆናለች፤ በ2016 እንደዚያ ነበር። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 29 በሁለቱ መካከል ስለሚገባ ልዩነቱን ይውጠዋል፤ 23 የማትነቃነቀው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ከዓለም ጋር እንድንገጥም ማርች 1 ብናደርገውስ?» የሚሉ ወጣቶች ገጥመውኛል። ማርች 1 ዛሬ በእኛ የካቲት 22 ነው፤ 22 ደግሞ ኡራኤል ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ምኒልክ በተወለዱባት በአንጎለላም አካባቢ፣ ሽማግሌዎች ስለ ዓድዋ ሲያወጉ ዓመተ ምሕረቱ ሊጠፋባቸው ይችላል፤ ጦርነቱ የጊዮርጊስ ለት መሆኑ ግን አይጠፋባቸውም። (እኔ ራሴ የ23 ማኅበርተኛ ነኝና ዳኝነቴ ቢያዳላ አይፍረዱብኝ።)

ሩስያዎች ከዚህ የባሰ ጣጣ ነበረባቸው። የጥቅምት አብዮታቸው በ1917 ሲፈነዳ በአሮጌው አቆጣጠራቸው ኦክቶበር 25 ነበር። በ1918 አቆጣጠራቸውን ለወጡና የጥቅምቱን አብዮት ኖቬምበር 7 ላይ ሲያከብሩት ኖሩ። ናዚ ጀርመን እጅ የሰጠችበትንም ቀን ምዕራቦቹ ሜይ 8፣ ሩስያ ሜይ 9 ታከብራለች፤ ፊርማው በርሊን ላይ የጸናው በውድቅት ሌሊት ስለነበር ሞስኮ ላይ ሜይ 9 ገብቶ ነበር። አሜሪካኖች ደግሞ የጦር ሙታናቸውን ሜይ 30 ያስቡ የነበረውን ከ1971 ወዲህ ወደ ሜይ የመጨረሻ ሰኞ አዛወሩት፤ ሦስት ተከታታይ የእረፍት ቀን ለማግኘት። ይኸኛው ለእኔ አይዋጥልኝም።

ጥያቄ፦ አባቴ በእነሱ ጊዜ የድል በዓል መጋቢት 28 ይከበር እንደነበር ይምላል። እኔ የማውቀው ሚያዝያ 27ን ነው። አስታርቁን።
ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ አባትህ እውነታቸውን ነው፣ አንተም ልክ ነህ። መጋቢት 28 ቀን 1933 አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ ወጥታ የእንግሊዝ ጦር የገባባት ቀን ነው። ሚያዝያ 27 ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገቡባት ነው፤ ጣሊያን ከተማዋን ከያዘበት ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ልክ በአምስተኛ ዓመቱ። ደርግ የንጉሡን ቀን ትቶ 28ን ያዘ፤ ደርግ ሲወድቅ 27 ተመለሰ። ለአባትህ ይቅርታ ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ የካቲት 12 ትምህርት ቤት ታስቦ ሲውል ንግግር ይደረጋል፣ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ይበተናሉ። ሌላው ዓለም ሰማዕታቱን እንዴት ነው የሚያስበው?
መምህርት፣ ከደብረ ሲና

መልስ፦ መምህርት፣ ሌላው ዓለም ንግግር ያሳጥራል። እንግሊዞች ኖቬምበር 11፣ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ፣ ሁለት ደቂቃ ዝም ይላሉ፤ በ1918 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተኩስ የቆመባት ሰዓት ናት። ሆላንዶች ሜይ 4 ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንዲሁ ያደርጋሉ። እስራኤል ውስጥ በናዚዎች እልቂት መታሰቢያ ቀን ሳይረን ሲነፋ መኪና የሚነዳው ሳይቀር አስፋልት ላይ አቁሞ፣ ወርዶ ይቆማል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ኤፕሪል 25 ገና ሳይነጋ ይሰበሰባሉ፤ በ1915 ወታደሮቻቸው ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ ላይ ለውጊያ የወረዱት ንጋት ላይ ነበርና። እንግሊዞች፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሰዓቷን ራሷን ነው የያዙት።

የእርስዎ ተማሪዎች ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በቀሉ ወደ እኛው ሰሜን ሸዋ መጥቷል። በግንቦት 1929 ደብረ ሊባኖስ ላይ 297 መነኮሳት መረሸናቸውን ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራም ለሮም አሳውቋል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ 129 ዲያቆናት ተገደሉ። በኋላ የወጡ ጥናቶች የሟቾቹን ጠቅላላ ቁጥር ከሺህ በላይ ያደርሱታል። ዲያቆናቱ ብዙዎቹ የእርስዎ ተማሪዎች እኩዮች ነበሩ።

በሰልፍ ሰዓት 129 ተማሪ ቆጥረው ከሌላው ለይተው ሜዳው መሐል ያቁሙ፤ ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገሯቸውና ሁለት ደቂቃ ዝም ይበሉ። ርዕሰ መምህሩ የግድ ንግግር ላድርግ ካሉ ከዚያ በኋላ ይሁን፣ አጭርም ይሁን፤ በየካቲት የጣርማ በር ንፋስ ማንንም አያስቆምም።