የአዘዞው ቤት አይሸጥ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲዋ ተማሪ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ነገሩን ላሳጥረው። የመካኒካል ምህንድስና አራተኛ ዓመት ነሽ። ያደግሽው አዘዞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው። ከልጅነትሽ ጀምሮ ፓይለት መሆን ትፈልጊያለሽ። አሜሪካ ያሉት አጎትሽ ደውለው «እዚህ ትንንሾቹ አየር መንገዶች ለጀማሪ በሰዓት 90 ዶላር ይከፍላሉ፤ ዲግሪም አይጠይቁም፤ ልጅቷን ላካት» ብለዋቸዋል ለአባትሽ። አባትሽም የአዘዞውን ቤት ሸጠው ሊልኩሽ ቆርጠዋል። እናትሽ ፈርተዋል። አንቺ ደግሞ መነጽር ታደርጊያለሽ። ትምህርቴን አሁን ላቋርጥ ወይ ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ።

አታቋርጪ። ቤቱም አይሸጥ።

አጎትሽ አልዋሹም። አሜሪካ ውስጥ ሪጅናል የሚባሉ አየር መንገዶች አሉ። በትልልቆቹ አየር መንገዶች ስም እየበረሩ፣ ከትንንሽ ከተሞች መንገደኛ እያመጡ ለእነሱ የሚያቀብሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካን ኤርላይንስ ንብረት የሆኑት ሦስቱ፣ ኤንቮይ፣ ፒድሞንትና ፒኤስኤ፣ የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት ወደ 90 ዶላር አሳደጉት። ሌሎችም ተከተሉ።

ግን ያ ሰዓት የሥራ ሰዓት አይደለም፤ የበረራ ሰዓት ነው። ሂሳቡ በአብዛኛው የሚጀምረው በሩ ተዘግቶ አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲነቃነቅ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ትነሻለሽ። ፍተሻ ታልፊያለሽ፣ የአየር ጠባይ ታነቢያለሽ፣ አውሮፕላኑን ዞረሽ ታያለሽ። በሁለት በረራ መካከል ደግሞ ሦስት ሰዓት ተርሚናል ውስጥ ቁጭ ትያለሽ። ይሄ ሁሉ ከ90ው ዶላር ውስጥ የለም። ብዙዎቹ በወር ወደ 75 የበረራ ሰዓት ዋስትና ይሰጣሉ። ሲባዛ 6,750 ዶላር ይመጣል፣ ግብር ሳይነሳ። ጥሩ ገንዘብ ነው፣ አልክድም። ግን ለአንቺ የሚከፈል አይደለም።

ከበረራ ትምህርት ቤት ስትወጪ እጅሽ ላይ ቢበዛ 250 የበረራ ሰዓት ይኖርሻል። እዚያ አየር መንገድ ለመቀጠር ሕጉ፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። የአገሬው ልጆች መሃል ያለውን ክፍተት የሚሞሉት በአብዛኛው በትንንሽ አውሮፕላን ሌሎችን እያስተማሩ ነው፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። አንቺ በተማሪ ቪዛ ነው የምትሄጂው። የተማሪ ቪዛ አየር መንገድ ውስጥ አያስቀጥርም። ማሠልጠኑንም ቢሆን ቪዛው ከሚፈቅደው አጭር ጊዜ በላይ አትሠሪም። አጎትሽ ይህን አልነገሩሽም፤ ምናልባት እሳቸውም አላዩት ይሆናል።

የ1,500 ሰዓቱ ሕግ ከምን እንደመጣ ብታውቂ ደስ ይለኛል፤ ስለ ሥራው ብዙ ይናገራልና። እ.ኤ.አ. የካቲት 2009 ኮልጋን ኤር የሚባል ሪጅናል አየር መንገድ ያበረው አውሮፕላን ቡፋሎ ከተማ አጠገብ ወድቆ 50 ሰው ሞተ። አውሮፕላኑ ኪው400 ነበር፤ አዘዞ ሲያርፍ የምታይው ባለ ፕሮፔለሩ ዓይነት። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት የካፒቴኑ የተሳሳተ እርምጃ ነው አሉ። በምርመራው ግን ድካምም ተነሳ፣ ደመወዝም ተነሳ። የ24 ዓመቷ ረዳት አብራሪ በዓመት የምታገኘው 16 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። የምትኖረው ሲያትል አካባቢ፣ ወላጆቿ ቤት ነው። የምትሠራው ኒውዋርክ፣ የአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ ላይ። ከዚያ በረራ በፊት የነበረውን ሌሊት በጭነት አውሮፕላን ስትጓዝ አድራ ነው ሥራ የገባችው። አልጋ ላይ አላደረችም። ሕጉ ከዚህ በኋላ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ ዋለ።

ሥራው ያው ነው፣ ዩኒፎርሙም ያው ነው። በ2009 በዓመት 16 ሺህ፣ በ2022 የዚያ አምስት እጥፍ። እንደ ሰሊጥ ነው፤ ዋጋው ሲንር ያየ ሁሉ መተማ ወርዶ ይዘራል፣ ሲታጨድ ዋጋው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲመጣ ኮምፓስ እና ትራንስ ስቴትስ የሚባሉት ሪጅናሎች ጭራሹን ተዘጉ። በ2024 ደግሞ ቦይንግ አውሮፕላን ማስረከብ ሲያዘገይ ትልልቆቹ ቅጥር ቀነሱ፣ ከሥር ያለውም ሰው ባለበት ቀረ። አንቺ ተመርቀሽ በምትደርሺበት ዓመት ገበያው ምን እንደሚመስል አጎትሽም አባትሽም እኔም መተንበይ አንችልም። ቤት የሚሸጠው ግን ዛሬ ነው።

አሁን ስለ አባትሽ። ቅር እንዳይልሽ፣ በግልጽ ነው የምጽፈው። ከዜሮ ተነስቶ የንግድ አብራሪ ፈቃድ እስከ ማግኘት አሜሪካ ውስጥ ወደ 100 ሺህ ዶላር ይጠይቃል። በአሁኑ ምንዛሪ ከ10 ሚሊዮን ብር ይበልጣል። ቤቱ ይህን ካላወጣ ቀሪው ብድር ነው። በደብዳቤሽ መሃል እንደዋዛ ጣል ያደረግሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ የሁለቱ ታናናሾችሽ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከዚያ ቤት ኪራይ ነው። እኔን ያስጻፈችኝ እሷ ናት። አባትሽ ይህን የሚያደርጉት ስለሚወዱሽ ነው፤ «የፓይለቷ አባት» መባልም ደስ ይላቸዋል፣ ማንን ደስ አይለውም። ግን ሦስት ልጆች ያሏቸው አባት የሁለቱን ዳቦ ሸጠው ለአንዷ ዕድል መግዛታቸው ልክ አይደለም። ዕድሉ ካልተሳካ ደግሞ ዕዳው የአንቺ ይሆናል። ማንም በአፉ ባይጠይቅሽ እንኳ ዕድሜ ልክሽን ትከፍይዋለሽ።

ፈቃድ ይዘሽ ብትመለሺስ? እዚህ አገር ፓይለት በብዛት የሚቀጥረው አንድ ትልቅ አየር መንገድ ነው። እሱ ደግሞ በአመዛኙ ራሱ ያሠለጠናቸውን ነው የሚያበርረው። ስለዚህ በሩ የሚገኘው እዚሁ ነው። ዲግሪሽን ጨርሺ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአብራሪ ሠልጣኝ ማስታወቂያ ሲያወጣ ተወዳደሪ፣ ካልተሳካ በሚቀጥለው ድገሚ። ያሠለጠነ ቀጣሪ ለዓመታት የሚያገለግሉበት ውል ያስፈርማል። ሰው ይህን ውል እንደ እስር ያወራዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሥልጠናው መሃል ላይ ቢከብድሽ ወይ ጤናሽ ቢከለክልሽ፣ ኪሳራውን ብቻሽን አትሸከሚም። በአዘዞው ቤት ከተማርሽ ግን ሁሉም ያንቺ ነው። ፊርማሽን ከማኖርሽ በፊት ግን ስንት ዓመት እንደሆነና ብታቋርጪ ስንት እንደምትከፍይ የሚሉትን አንቀጾች አንብቢ።

ሁለተኛ በርም አለ፣ የአውሮፕላን ጥገና። ለዚህ የማደላ ከመሰለሽ ልክ ነሽ፤ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ዓመታት ያሳለፍኩት ሃንጋር፣ የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ፣ ውስጥ ነው። ኪው400 ሌሊት ሲገባ በባትሪ መብራት ከሥሩ ገብተሽ ጎማና ፍሬኑን ታያለሽ። የሁለቱንም ፕሮፔለሮች ስድስት ስድስት ክንፎች አንድ በአንድ በእጅሽ እየዳሰስሽ ጭረት ትፈልጊያለሽ። ጠዋት አብራሪው የሚረከበው አንቺ የፈረምሽበትን ነው። የመካኒካል ተማሪ ለዚህ ቅርብ ናት። የቢሮ ሥራ እየጠበቁ የሚኖሩ ብዙ ምሩቃን አሉ፤ የጥገና ፈቃድ ያለው ሰው ግን ሥራ ሲያጣ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ስለ መነጽርሽ፦ ዕይታሽን የሚያስተካክል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። ቀለም የመለየት ምርመራው ግን ሰው ሊጥል ይችላል። ከማንኛውም ወጪ በፊት ዓይንሽንና ጆሮሽን እዚያው ጎንደር ተመርመሪ። «ለሴት ይሆናል ወይ» ላልሽው፣ አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች፤ ጥያቄው ተመልሷል። እናትሽን ደግሞ አንድ ቀን ምርመራው ላይ ይዘሻቸው ሂጂ። ሐኪሙ ሲያጣራ ሲያዩ ቀለል ይላቸዋል።

አባትሽን ብቻሽን እምቢ አትበያቸው። አጎትሽ ሲደውሉ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጊና አባትሽ እየሰሙ ጠይቂያቸው፦ ልጅቷ በየትኛው ቪዛ ትሠራለች? ከ250 እስከ 1,500 ያለውን ሰዓት ማን ይከፍላል? ካልተቀጠረች ቤቱን ማን ይመልሳል? መልስ ካላቸው ጻፊልኝ፣ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ከፈለጋችሁ እኔም መስመር ላይ እገባለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመቸኛል።